ከሰው ስም የወጡ የእንግሊዝኛ ቅጽሎች፦ ሰውየውና ቃሉ ለምን አይተዋወቁም?

ንባብ_ወዳድ

ሰላም ቤተሰብ! የእንግሊዝኛ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ኦርዌሊያን፣ ድራኮኒያን፣ ማኪያቬሊያን የሚሉ ቃላት ሳይገጥሙት ሳምንት አያልፈውም። ሁሉም ከሰው ስም የወጡ ቅጽሎች ናቸው። መዝገበ ቃላቱ ትርጉሙን በአንድ መስመር ይነግረንና ያልፋል። ሰውየው ማን እንደነበረ አይነግረንም። እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ብዙዎቹ በስማቸው የሚጠራውን ነገር ቢሰሙ በጣም የሚያዝኑ ይመስለኛል።

ከእንግሊዛዊው ደራሲ ከጆርጅ ኦርዌል ልጀምር። የእናት አባቱ ስም ኤሪክ ብሌር ነው። 1903 ሕንድ ውስጥ ተወለደ፤ በወጣትነቱ በርማ ውስጥ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ፖሊስ ሆኖ ሠራ። እዚያ ያየው ግፍ አንገሸገሸውና ሥራውን ጥሎ ወጣ። የመጀመሪያ መጽሐፉ 1933 ሲታተም ቤተሰቡ እንዳያፍርበት የብዕር ስም ፈለገ። ኦርዌል በምሥራቅ እንግሊዝ የሚፈስ ወንዝ ነው፤ ስሙን ከዚያ ወሰደ። ዓለም በሙሉ የሚጠቀምበት ቅጽል መነሻው ወንዝ ነው ማለት ነው! 1937 ስፔን ሄዶ ከፋሺስቶች ጋር ሲዋጋ ጉሮሮውን በጥይት ተመታ። አምባገነን መንግሥት ሕዝቡን እንዴት እንደሚሰልል፣ ቋንቋውን እንዴት እንደሚያጣምም የሚያሳየውን ልብ ወለድ 1949 አሳተመ። በጥር 1950 በ46 ዓመቱ አረፈ። ዛሬ ኦርዌሊያን ማለት ስለላ፣ ውሸትና አፈና ነው። የታገለው ነገር ሁሉ በእሱ ስም ይጠራል።

ሁለተኛው የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ ኤፒኩረስ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ አቴና ላይ ሲከራከር ያገኛቸው፣ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 የኤፊቆሮስ ወገን የተባሉት፣ የእሱ ተከታዮች ናቸው። በዛሬው እንግሊዝኛ ኤፒኩሪያን ማለት ምርጥ ምግብና ጥሩ ወይን የሚያሳድድ ማለት ነው። ሰውየው ግን አቴና በነበረው የአትክልት ቦታው ከወዳጆቹ ጋር በዳቦና በውሃ ነው የኖረው። ሴቶችንም ባሪያዎችንም በትምህርቱ ይቀበል ነበር፤ በዚያ ዘመን ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ለአንድ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ትንሽ ማሰሮ አይብ ላክልኝ፣ ድግስ ሲያሰኘኝ እንድደግስ ይላል። ለእሱ ድግስ ማለት አይብ ነበር።

እናንተስ የምታውቁት አለ? አምጡና እንወያይ። እንዳንደናገር ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ይሁኑ።

የሕግ_ሰው

ጥሩ ርዕስ ነው ያነሳኸው ወንድሜ። ድራኮን ለእኔ ተውልኝ። ድራኮኒያን የሚባለው ከልክ በላይ ጨካኝ የሆነ ሕግ ነው።

ድራኮ ከክርስቶስ ልደት በፊት 621 ገደማ የአቴናን ሕግ በጽሑፍ ያሰፈረ ሰው ነው። ከዚያ በፊት ሕጉ በቃል የሚሄድ ነበር፤ ፈራጆቹም ባላባቶቹ ነበሩ። ስለዚህ ሕጉ ተጽፎ ሁሉም ሊያየው መቻሉ በራሱ ትልቅ እርምጃ ነው። የጭካኔው ወሬ በብዛት የደረሰን በግሪካዊው ታሪክ ጸሐፊ በፕሉታርክ በኩል ነው። ፕሉታርክ ደግሞ የጻፈው 700 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። እሱ እንደሚለው ሥራ መፍታትም አትክልት መስረቅም በሞት ያስቀጣ ነበር። ዴማዴስ የተባለ አንደበተ ርቱዕም ድራኮ ሕጉን የጻፈው በቀለም ሳይሆን በደም ነው ብሏል። በኋላ ሶሎን የተባለ ሌላ የአቴና ሕግ አውጪ መጥቶ ከግድያው ሕግ በስተቀር ሁሉንም ሻረው።

አሁን ያንን ያልተሻረ የግድያ ሕግ ተመልከቱ። ከክርስቶስ ልደት በፊት 409 ገደማ እንደገና በእብነ በረድ ላይ ተቀርጿል፤ ድንጋዩ ዛሬም አቴና ሙዚየም ውስጥ አለ። ሰው ሳያስበው ሰው ቢገድል ይሰደድ ይላል። ይሙት አይልም። የሟቹ አባት፣ ወንድሞችና ልጆች ካሉ፣ ሁሉም ከተስማሙ ይቅር ይባላል። አንዱ እንኳ እምቢ ካለ የእሱ ቃል ይጸናል። ሆን ብሎ የገደለንና ሳያስብ የገደለን ለይቶ የሚያይ ሕግ ነው። ሽማግሌ ተቀምጦ ደም ሲያስታርቅ ያየ የአገራችን ሰው ይህን ቢያነብ እንግዳ አይሆንበትም።

እና ዛሬ ጋዜጠኛው አንድን አዋጅ ድራኮኒያን ሲለው ይህ ድንጋይ ትዝ ይለኛል። ከሕጎቹ ውስጥ በራሱ ቃል የደረሰን ይሄው አንዱ ነው። እሱም አስተዋይ ነው።

የቦሌዋ

እኔ ትንሽ ልቃወም። ቃል የሰው ታሪክ የመጻፍ ግዴታ የለበትም። ኦርዌሊያን ስንል እኮ ኦርዌል አምባገነን ነበር እያልን አይደለም። እሱ ያሳየንን ዓለም ነው በስሙ የምንጠራው። ፓርኪንሰን በሽታውን አላመጣውም፤ ለይቶ ስለጻፈው ግን በስሙ ይጠራል። ይሄ ክብር ነው፣ በደል አይደለም። ኤፒኩረስ ላይ ግን እስማማለሁ። እሱ በእውነት ተበድሏል።

ንባብ_ወዳድ

የቦሌዋ፣ ይሄ የለየሽው ነገር ጥሩ ነው። ሰው ባሳየው ነገር መጠራቱና ባልሆነው ነገር መጠራቱ አንድ አይደለም። ግን ስሚኝ፣ ኦርዌል ስለ ሌላም ነገር ብዙ ለፍቷል። 1946 ፖለቲከኞች ቋንቋን እንዴት እንደሚያደፈርሱ፣ ሰው እንዴት በግልጽና በቀላል አነጋገር መጻፍ እንዳለበት የሚያስተምር ጽሑፍ አውጥቷል። ጥርት ያለ አጻጻፍን ግን ማንም ኦርዌሊያን አይለውም። ቅጽሉ ጨለማውን ወስዶ ብርሃኑን ተወው። የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ስደተኛው_ከሜሪላንድ

ካፍካ እንዳይረሳ! እዚህ አሜሪካ የስደት ጉዳይ የያዘ ሰው ካፍካኤስክ ምን ማለት እንደሆነ አስረጂ አያስፈልገውም። እኔ ያላሟላኸው ሰነድ አለ የሚል ደብዳቤ ደርሶኝ ነበር። የትኛው ሰነድ እንደሆነ ግን ደብዳቤው ላይ የለም። ስደውል የሚያነሳው ማሽን ነው። ሰው ሲገኝ ደግሞ ፋይልህ እኛ ጋ አይደለም ይላል። ጠበቃዬ ይሄ ካፍካኤስክ ነው አለኝ። ስለ ሰውየው ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ነው።

ደራሲው ፍራንዝ ካፍካ 1883 ፕራግ ተወለደ። ሕግ ተማረ። ከ1908 እስከ 1922 ድረስ እዚያው ፕራግ የሠራተኞች አደጋ መድን ድርጅት ውስጥ ሠራ። ማለትም እሱ ራሱ የቢሮ ሰው ነበር፤ ማኅተሙንም ፋይሉንም ከውስጥ ያውቀዋል። ቢሮ ቁጭ ብሎ ምን ይሠራ ነበር? ከጻፋቸው ሪፖርቶች አንዱ ስለ እንጨት መላጊያ ማሽን ነው። ያኔ ማሽኑ ውስጥ የሚሽከረከረው ዘንግ አራት ማዕዘን ነበር። በዘንጉና በማሽኑ ጠረጴዛ መካከል ሰፊ ክፍተት ስለሚቀር እንጨቱ ሲያዳልጥ የሠራተኛው ጣት እዚያ ይገባል። ክብ ዘንግ ግን ክፍተቱን ስለሚያጠበው ጣት ቢገባ እንኳ ቁስሉ ቀላል ይሆናል። ካፍካ ይህንን አንድ በአንድ አስረድቶ፣ የተቆረጡ ጣቶች በሥዕል ተደግፈው፣ አሠሪዎች ክብ ዘንጉን እንዲያስገቡ ተከራከረ።

እንደዚያ ላለ ደብዳቤ ስሙ የሚጠራው ሰው ለአናጺ ጣት ሲጨነቅ የኖረ ነው። 1924 በሳንባ ነቀርሳ ሲሞት ገና 40 ዓመቱ ነበር። ያልታተሙ ጽሑፎቼን ሁሉ አቃጥላቸው ብሎ ለወዳጁ ለማክስ ብሮድ አደራ ብሎ ነበር። ብሮድ አላቃጠለም። ያን ጊዜ ቢያቃጥል ኖሮ ዛሬ ይህ ቅጽል አይኖርም ነበር።

የቦሌዋ

ወንድሜ፣ ጉዳይህን እግዚአብሔር ያሳካልህ። የማሽኑን ነገር ሰምቼው አላውቅም፤ አመሰግናለሁ።

አዋላጅ_ነርስ

ከእኛ ሙያ አንድ ልጨምር። በኦፕራሲዮን መውለድ በእንግሊዝኛ ሲዛሪያን ይባላል። ብዙ ሰው ዩሊየስ ቄሳር እንደዚያ ስለተወለደ ነው ይላል። ተማሪ እያለን ለእኛም እንደዚያ ነው የተነገረን። ነገሩ ግን አያስኬድም። በዚያ ዘመን ሆድ ተቀዶ ልጅ የሚወጣው እናትየዋ ከሞተች ወይም ልትሞት ካለች ነው። የቄሳር እናት አውሬሊያ ግን ልጇ ከ40 ዓመት በላይ እስኪሆነው ድረስ ኖራለች። ያንን ኦፕራሲዮን ያለ ማደንዘዣ፣ ያለ ስፌት፣ ያለ አንቲባዮቲክ አልፋ ይህን ያህል መኖር ማለት... የማዋለጃ ክፍል የሠራ ሰው ይገባዋል።

በላቲን መቁረጥ የሚለው ግሥ ከቄሳር ስም ጋር ይመሳሰላል። ሮማዊው ፕሊኒም የቄሳር ቤተሰብ ስም የመጣው ከእናቱ ማኅፀን ተቆርጦ ከወጣ ቀዳሚ አባት ነው ብሎ ጽፏል። እንግዲህ ቅጽሉ ከሰውየው ይልቅ ከመቁረጡ የመጣ መሆኑ ይበልጥ ያሳምናል። የእናቲቱ ስም ግን በዚህ ወሬ መካከል ጠፍቶ መቅረቱ ያሳዝነኛል። በሐሰት ታሪክም ቢሆን የሚጠራው ልጁ ብቻ ነው።

የሰንበት_ተማሪ

እኔ ደግሞ ከቅዱሳን ስም የወጡ ሁለት ላምጣ። ሰው ብዙ አያውቃቸውም።

አንደኛው ሞድሊን ነው። በእንግሊዝኛ ያለቅጥ የሚያለቅስ፣ በተለይ ጠጥቶ ሆድ የሚብሰው ሰው እንደዚያ ይባላል። ምንጩ መግደላዊት ማርያም ናት! በድሮ እንግሊዝኛ ስሟ እንደዚያ ነበር የሚጠራው። ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ውስጥ በስሟ የተሰየሙት ኮሌጆች ዛሬም ሞድሊን ተብለው ነው የሚጠሩት። የአውሮፓ ሠዓሊዎች ሁልጊዜ ስታለቅስ ስለሚሥሏት ስሟ ከእንባ ጋር ተጣበቀ። እስቲ አስቡት። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 20 በመቃብሩ ደጅ የቆመችው እሷ ናት። ደቀ መዛሙርቱ አይተው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ እሷ አልሄደችም። የትንሣኤውን ዜና ለሐዋርያት ያደረሰችውም እሷ ናት። የዚህች ሴት እንባ የሰካራም ለቅሶ መጠሪያ ሲሆን ልቤ አይቀበለውም።

ሁለተኛው ቶድሪ ነው፤ ርካሽ ብልጭልጭ ማለት ነው። ይህ የመጣው ከቅድስት ኦድሪ ነው። ያኔ በእንግሊዝ ከነበሩት መንግሥታት የአንዱ፣ የኖርዘምብሪያ፣ ንግሥት ነበረች። በኋላ መንኩሳ ኢሊ በተባለ ቦታ ገዳም መሠረተች፤ 679 አረፈች። ከማረፏ በፊት አንገቷ ላይ እብጠት ወጥቶባት ነበር። በልጅነቴ ባጠለቅሁት ጌጥ ምክንያት የመጣ ነው ብላ በደስታ ተቀበለችው ይላል ታሪክ ጸሐፊው ቢድ። ለዓመታዊ በዓሏ ኢሊ ላይ ገበያ ይቆም ነበር። እዚያ በስሟ የአንገት ጥልፍና ሪባን ይሸጣል። መጀመሪያ ጥሩ ዕቃ ነበር፤ በኋላ ጥራቱ ወረደ፤ ሴንት ኦድሪ የሚለውም ሲፈጥን ቶድሪ ሆነ። ጌጥን የናቀች መነኩሲት የርካሽ ጌጥ ስም ሆነች።

በነገራችን ላይ ክርስቲያን የሚለው ቃል ራሱ የዚህ ዘር ነው። መጨረሻው ላይ ያለው ያን ከላቲን የመጣ ነው፤ የእገሌ ወገን እንደማለት። ኦርዌሊያን ላይ ያለውም እሱ ነው። ሐዋርያት ሥራ 11 ላይ ደቀ መዛሙርቱ መጀመሪያ በአንጾኪያ ክርስቲያን ተባሉ ይላል። ተባሉ ነው የሚለው፤ ስሙ ከውጭ የመጣላቸው ይመስላል። እነሱ ግን ያዙት፤ አከበሩት።

የሕግ_ሰው

የሰንበት ተማሪ፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። የቶድሪን ነገር ዛሬ ገና ሰማሁ።

ቀን_ቆጣሪ

ጎርጎርዮሳዊም አለ እኮ፣ በየቀኑ የምንጽፈው የቀን አቆጣጠር። የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ 1582 ላይ ቀኑን አስተካክለው ጥቅምት 4 ሐሙስ ካለ በኋላ በማግስቱ ዓርብ ጥቅምት 15 ተባለ። ስሌቱን የቀመረው ግን ሊሊየስ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም ነው። ሥራው በተግባር ሳይውል ሞተ። በስሙ የሚጠራ ቅጽል የለም።

ፖለቲካ_አስተማሪ

ማኪያቬሊን ሳላነሳ ባልፍ ተማሪዎቼ ይታዘቡኛል። በአማርኛም ማኪያቬላዊ እንላለን፤ ተንኮለኛ፣ ለሥልጣን ሲል ምንም የማይመልሰው ማለታችን ነው። ዓላማው መንገዱን ይቀድሰዋል የሚለው አባባልም በእሱ ስም ይነገራል። በዚያ አነጋገር ግን ልዑሉ (ዘ ፕሪንስ) በተባለችው ታዋቂ መጽሐፉ ውስጥ የለም።

ኒኮሎ ማኪያቬሊ 1469 ፍሎረንስ ተወለደ። ከ1498 እስከ 1512 የፍሎረንስ ሪፐብሊክ ባለሥልጣን ነበር። ንጉሥ አልነበረም፤ ደመወዝተኛ ነው። ቀድሞ ከተማዋን ይገዛ የነበረው የሜዲቺ ቤተሰብ ተመልሶ ሥልጣን ሲይዝ ከሥራ ተባረረ። 1513 ላይ ደግሞ በሴራ ተጠርጥሮ ታሰረ። እጁን ወደኋላ አስረው በገመድ ወደ ላይ እየሰቀሉ ይለቁት ነበር። ምንም አላመነም። ሲፈታ ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለች ትንሽ መሬቱ ሄደ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ለአንድ ወዳጁ የጻፈው ደብዳቤ አለ። ቀን ቀን እንጨት ሲያስቆርጥ፣ ከመንደሩ ሰው ጋር ካርታ ሲጫወትና ሲጨቃጨቅ ይውላል። ሲመሽ ጭቃ የነካውን ልብሱን በር ላይ ያወልቅና የቤተ መንግሥት ልብሱን ለብሶ ወደ ንባብ ክፍሉ ይገባል። አራት ሰዓት ያህል ከጥንት ሰዎች ጋር እነጋገራለሁ፣ ድህነትን አልፈራም፣ ሞትም አያስደነግጠኝም ይላል። ያቺን ትንሽ መጽሐፍ የጻፈው በዚያ ኑሮ ውስጥ ነው።

የታተመችው 1532 ነው፤ እሱ ከሞተ አምስት ዓመት በኋላ። 1559 ቤተ ክርስቲያን ከከለከለቻቸው መጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ ገባች። ስሙን ያጠፋው ይህ ክልከላ ብቻ አይደለም፤ የእንግሊዝ ቲያትሮችም መሠሪ ገጸ ባሕርይ ሲፈልጉ ስሙን ያወጡት ነበር። ሌላው ትልቅ ሥራው፣ ስለ ሮማ ሪፐብሊክ የጻፈው፣ ሕዝብ ከመሳፍንት ይልቅ አስተዋይ ነው ብሎ ይከራከራል። ያንን የሚያነብ ጥቂት ነው።

የቦሌዋ እንዳለችው ሰው ባሳየው ነገር ቢጠራ ችግር የለውም። ማኪያቬሊ ግን ያየውን የገዥዎች ጠባይ ስለጻፈ ጠባዩ የራሱ ተደርጎ ተወሰደበት።

የቦሌዋ

መምህር፣ እርስዎ ባሉት እስማማለሁ። በሕይወት እያለ የደረሰበትም አለ። ማሶኪስቲክ፣ ማለትም በመሠቃየት የሚደሰት፣ የሚለው ቃል የመጣው ሳኸር ማሶክ ከተባለ የኦስትሪያ ደራሲ ነው። ያኔ የኦስትሪያ ግዛት ስለነበረችው ስለ ጋሊሺያ ሕዝብ ኑሮ የጻፈ፣ በአይሁዶች ላይ የሚደረገውን ጥላቻ የተቃወመ ሰው ነበር። 1890 ገደማ አንድ የአእምሮ ሐኪም አንዳንድ ልብ ወለዶቹን አይቶ በስሙ የሕመም ስም አወጣ። ደራሲው 1895 እስኪሞት ድረስ ስሙ እንደዚያ ሲጠራ እየሰማ ኖረ። ይሄኛው ያለ ጥርጥር በደል ነው።

የሻሸመኔ_ልጅ

ሁላችሁም አውሮፓ ላይ ቀራችሁ፤ ከእኛ ሰው ስም የወጣ የእንግሊዝኛ ቅጽል አለ እኮ! ራስታፋሪያን። ራስ ተፈሪ መኮንን። ማዕረጉና ስሙ አንድ ላይ ተጣብቀው፣ ከላይ የተባለው የላቲኑ ያን ተጨምሮበት፣ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ገብቷል። ኅዳር 2 ቀን 1930 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡ ጃማይካ ውስጥ እንቅስቃሴው ተነሳ። ቃሉ ግን የቀደመውን ስማቸውን ነው የያዘው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 21 ቀን 1966 ኪንግስተን ሲደርሱ አውሮፕላን ማረፊያው በሰው ከመጥለቅለቁ የተነሳ ወዲያው መውረድ አልቻሉም ነበር።

እኛ ሰፈር ከጃማይካ የመጡ ቤተሰቦች አብረውን ኖረዋል። ጃንሆይ ከምዕራቡ ዓለም ለሚመለሱ ጥቁሮች የሰጡት መሬት ላይ ነው የሰፈሩት። እዚህም ላይ ሰውየውና ቃሉ ይለያያሉ፤ ጃንሆይ እስከ ዕለተ ሞታቸው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኝ ነበሩ። ግን እንደ ድራኮ የተበደሉ አይመስለኝም። ያንን ስም ይዘው ባሕር ያቋረጡት ሰዎች በፍቅር ነው የያዙት።

ንባብ_ወዳድ

የሻሸመኔ ልጅ፣ ተባረክ! ከአገራችን ጋር የሚነካካ ሌላ ልጨምርልህ። ጆንሶኒያን የሚል ቅጽል አለ፤ ግርማ ያለው፣ ሚዛኑን የጠበቀ ረጅም ዓረፍተ ነገር ማለት ነው። ከሳሙኤል ጆንሰን የመጣ ነው፤ 1755 ታላቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያወጣው። የዚህ ሰው የመጀመሪያ መጽሐፍ ምን መሰለህ? ፖርቱጋላዊው ቄስ ሎቦ ስለ አቢሲኒያ የጻፈው የጉዞ ታሪክ ትርጉም ነው፤ 1735 ታተመ። 1759 እናቱ ስትሞት የቀብሯን ወጪ ለመሸፈን በአንድ ሳምንት ምሽቶች ልብ ወለድ ጻፈ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ራሴላስ የሚባል የአቢሲኒያ ልዑል ነው። ታሪኩ የሚጀምረው የንጉሥ ልጆች በሚጠበቁበት፣ በተራራ በተከበበ የአማራ ሸለቆ ውስጥ ነው። ስለ ግሸን አምባ አውሮፓ የደረሰው ወሬ ነው እዚያ የገባው።

የ12ኛ_ክፍል_ተማሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ተምሬአለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መምህር፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት። ፒሪክ ቪክትሪ የሚል ንባብ ውስጥ አገኘሁ። ይሄስ ሰው ተበድሎ ነው?

ፖለቲካ_አስተማሪ

ጎበዝ ልጄ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ይሄኛው አልተበደለም፤ በልኩ የተሰፋለት ነው። ፒሩስ የኤፒሩስ ንጉሥ ነበር፤ ከግሪክ ሰሜን ምዕራብ። ጣሊያን ገብቶ ከሮማውያን ጋር ከክርስቶስ ልደት በፊት 280 እና 279 ሁለት ጊዜ ተዋጋ። ዝሆን ይዞ ነበር፤ ሁለቱንም አሸነፈ። ከሁለተኛው ድል በኋላ፣ አስኩሉም ላይ፣ አንዱ እንኳን ደስ አለህ ቢለው፣ ሮማውያንን እንደዚህ አንድ ጊዜ ደግመን ብናሸንፍ ጠፋን አለ ይላል ፕሉታርክ። ይዟቸው የመጣቸው ጦረኞችና የቅርብ አዛዦቹ አልቀዋል፤ የሚተካ ሰው ከአገሩ ማምጣት አይችልም። ሮማውያኑ ግን በየጊዜው አዲስ ሠራዊት ያሰልፋሉ። ስለዚህ ፒሪክ ማለት ያሸነፈውን ራሱን የሚያከስር ድል ነው። ፈተና ላይ ከመጣ እንዲህ ብለህ መልስ።

ሰውየው ከዚያም አላረፈም። ሲሲሊ ዘመተ፣ ወደ ጣሊያን ተመለሰ፣ አገሩ ገብቶ ደግሞ ግሪክ ውስጥ ጦርነት ጀመረ። ከክርስቶስ ልደት በፊት 272 ላይ አርጎስ ከተማ ጠባብ መንገድ ውስጥ ሲዋጋ አንዲት አሮጊት ከጣራ ላይ ሆና ታያለች። ፒሩስ የዞረበት ወታደር ልጇ ነበር። የጣራ ሸክላ በሁለት እጇ አንስታ ወረወረችበት፤ አንገቱን መታው፤ ከፈረሱ ወደቀ፤ ጠላት ደርሶ ገደለው።